ስድስት ምስክር ለአንድ ዛፍ

"ይህን ዛፍ ማን ተከለው?"

መዝጋቢዋ ጥያቄውን ያነበበችው ዓይኗን ከእጇ ሰሌዳ ላይ ሳትነቅል ነው። ሰሌዳው ላይ ባዶ ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል። እኔ ኮምቦልቻ ከገባሁ አሥራ ሰባተኛ ቀኔ ነበር። ስለ ዛፉ የማውቀው ከመስኮቴ ፊት ለፊት መቆሙን፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህም አንድ ስንዝር ያህል ማደጉን ብቻ ነው።

"አላውቅም" አልኳት።

"'አላውቅም' የሚል ምርጫ የለውም።"

"ማንም ያልተከለው ቢሆንስ?"

ይኼኔ ቀና ብላ አየችኝ። ዘነቡ ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። የእኔ እኩያ ናት፤ ወላጆቻችን የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው ካወጡልን ትውልድ። እኔም አስካለ ነኝ።

"እህቴ፣" አለችኝ ትዕግሥት በሥልጠና እንደተሰጠው ሰው፣ "እዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ዛፍ አለ። ሁሉም ተካይ አለው። ያለ ተካይ የሚበቅለው ጢም ብቻ ነው።"

"ወፍ ዘራሽ ነዋ!" አለች አክስቴ ከዛፉ ሥር ወንበሯ ላይ ሆና። "ወፍ ብለሽ ጻፊ።"

"የወፏ መታወቂያ ቁጥር አለዎት እማማ?"

አክስቴ ሳቀች። ዘነቡ አልሳቀችም፤ ጣቷን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር።

ይህ የሆነው በ2098 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በከተማው ያለ እያንዳንዱ ግቢ አራት ዛፍ ነበረው። ዝርያቸው ረጅም የቁጥር ስም ነበረው፤ ሰው ግን "ዘብ" ይላቸዋል፤ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ቅጠላቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ይይዛሉ፣ ማንንም አያስጠጉም። አየር ያጠራሉ ይባላል። ጥላቸው የመጥረጊያ እንጨት ጥላ ያህላል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ይወጣና በየዘቡ ግንድ ላይ በተለጠፈችው ቁልፍ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ካረፈደ ስልኩ "ዛፍዎ ናፍቆዎታል" ይለዋል። ሁለተኛ ካረፈደ "ዛፍዎ ተጨንቋል" ይለዋል። ሦስተኛው መልእክት ምን እንደሚል የነገረኝ ሰው የለም።

ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ደግሞ የሐሩር ሰዓት ነው። ሱቁ ይዘጋል፤ ጎዳናው ጭር ይላል። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ተለክቶ በተመዘገበ የግቢ ጥላ ሥር ቦታ ካለው በስተቀር፣ በአውቶብስ ተወስዶ ማቀዝቀዣ አዳራሽ ውስጥ ይውላል። አዳራሹን አይቼዋለሁ፤ ክፋት የለውም። ወንበሮቹ ቁጥር አላቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ዞረዋል፤ ግድግዳው ላይ ባሕር ይታያል። ብርድ ልብስ ይታደላል። ማውራት አልተከለከለም፤ የማሽኑ ድምፅ የሰውን ድምፅ ስለሚውጠው ግን ከሳምንት በኋላ ሰው ራሱ ይተወዋል።

አክስቴ ሄርሜላ አዳራሹ ከተከፈተ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሳበታለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። በደህናው ጊዜ የእግር ኳስ ዳኛ ነበረች፤ ፊሽካዋ ዛሬም ከአንገቷ አይወርድም። ስለ አዳራሹ በጠየቅኳት ቁጥር የምትመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሳልሞት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡኝ።"

ዛፉ የበቀለው ከዓመት ተኩል በፊት ከውሃ ጋኑ ሥር፣ ቧንቧው በሚያንጠባጥብበት ቦታ ነው። "መጀመሪያ ጎመን መስሎኝ ነበር" ትላለች አክስቴ። "ቀጥሎ አረም መሰለኝ። ላስነቅለው ስል ቁመቴን አለፈ። በቁመት የበለጠኝን ደግሞ ከሜዳ አስወጥቼ አላውቅም።" እኔ ስደርስ ጣሪያውን አልፎ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን መዘርጋቱ ነው። ከተማው ውስጥ ወደ ጎን የሚዘረጋ ዛፍ አልነበረም።

ዘነቡ በዚያ ቀን ጥላውን ለካችው። ከውጩ በዘጠኝ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስምንት ሰው ያስቀምጣል። ጊዜያዊ ወረቀት ሰጠችን። በአርባ ቀን ውስጥ የዛፉ ስምና ተካዩ ከተሞላ ወረቀቱ ቋሚ ይሆናል፤ አክስቴም ዕድሜ ልኳን አውቶብሱን አትሳፈርም። ካልተሞላ ዛፉ ይቆረጣል፤ አክስቴም ወደ ወንበር ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ትመለሳለች።

"አስካለ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የዛፉን ስም ፈልጊልኝ" አለችኝ አክስቴ ዘነቡ እንደወጣች።

የተማርኩት ቻይና፣ ኩንሚንግ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት፤ ያውም ስለ ከርሰ ምድር ውሃ። ከተማርኩት ሁሉ የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው፦ ያላረጋገጥኩትን አለመጻፍ። አክስቴን ለመጠየቅ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር። ሻንጣዬን ግማሹን ብቻ ነበር የፈታሁት። የመመለሻ ትኬቴን በዚያ ሳምንት አራዘምኩ፤ ለዛፉ ስም ብዬ ነው አልኩ። እስካሁንም እንዲያ ነው የምለው።

ሥራዬን በቀላሉ ጀመርኩ። ቅጠሉን በስልኬ አነሳሁት። ስልኩ ጥቂት አሰበና "ተመሳሳይ ተክል አልተገኘም። ምናልባት፦ ጃንጥላ" አለኝ። አብረውኝ ለተማሩት ላክሁ፤ አምስቱ አምስት የተለያየ ነገር መለሱልኝ፤ ስድስተኛው ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

በዚህ መሃል ግቢው ሞላ። ዘነቡ ስምንት ሰው ስላለች ሁለት ቦታ ለአክስቴና ለእኔ ሆነ፤ የቀረውን ስድስት የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያዙት። ጋሽ ያፌት፣ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከአዳራሹ መጀመሪያ የቀረ እሱ ነው። ሀጂ ኢምራን ዳማውን ይዘው መጡ፤ ጠጠሮቹ እውነተኛ ቆርኪ ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሷቸው። እትዬ ሶልያና ሹራቧን ይዛ መጣች። ሌሎቹ ሦስቱ በዳማው የሚሸነፉና ተራ የሚጠብቁ ናቸው። አውቶብሱ አምስት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ "ወይዘሮ ሄርሜላ፣ ወንበርዎ ዝግጁ ነው" ሲል አክስቴ ፊሽካዋን ትነፋና "ከጨዋታ ውጪ!" ትለዋለች። አውቶብሱ ሹፌር የለውም፤ ስለዚህ አይቀየምም።

ስሙን ጠየቅኳቸው። ባልጠየቅኩ ይሻል ነበር።

"ዋንዛ ነው" አለ ጋሽ ያፌት። "ምን ጥያቄ አለው? ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ ስሄድ ግንዱ ላይ እንሠቀል ነበር።"

"አንተ የተሠቀልከው መኪና ላይ ነው" አሉት ሀጂ ኢምራን። "ይሄ ሾላ ነው ወላሂ። ቅጠሉን እየው።"

"ሾላማ ፍሬ አለው። የታል ፍሬው?"

"ገና ልጅ ነዋ! አንተ በሁለት ዓመትህ ወልደሃል?"

"ዝግባ ነው" አለች እትዬ ሶልያና ከሹራቧ ሳትነሳ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። "ዝግባ ቅጠሉ ቀጭን አይደለም እንዴ?" አለ ጋሽ ያፌት።

"ማን ነገረህ?"

"እኔ እንጃ። ስሙ ቀጭን ይመስላል።"

ሌሎቹም ቀጠሉ፤ አንዱ ኮሶ፣ አንዷ ወይራ፣ አንዱ ሰሳ። ስሞቹን ሁሉም ያውቋቸዋል፤ ከተረት፣ ከዘፈን፣ ከአያት አፍ የተረፉ ናቸው። መልካቸውን ግን አያውቅም አንዱም። ዛፎቹ ከተነሱ ስድሳ አምስት ዓመት አልፏል፤ ስሞቹ ባለቤት ሞቶባቸው ቀርተዋል። አክስቴ በመጨረሻ ፊሽካ ነፋች።

"ስሙኝ! ዘነቡ የምስክር መስመር አለ ብላለች። ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሰው ደውሎ 'የጠፋውን ዛፍ አውቀዋለሁ፣ ስሙ እንዲህ ነው' ካለ ይመዘገብለታል። ግን ልጅቷ እውነተኛውን ስም እየፈለገች ነው። ማንም እንዳይደውል። ውሸት ከተገኘ ዛፉን ያስቆርጥብኛል። የደወለ ቀይ ካርድ!"

"አብሽሪ" አሉ ሀጂ ኢምራን።

"ኧረ ምን በወጣን!" አለ ጋሽ ያፌት።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አመንኩ። አሥር ቀን፣ ሃያ ቀን፣ ሠላሳ ቀን ቅጠል ስለካ ከረምኩ። የልብ ቅርፅ አለው። ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ከሥሩ የብር ቀለም ያለው ነው። ሲያረጅ እንደ ሌላው ቢጫ አይሆንም፤ ብርቱካንማ ሆኖ ይወርዳል፤ ስለዚህ አረንጓዴው መሃል ሁልጊዜ አንድ ሁለት የሚነድ የሚመስል ቅጠል አይጠፋም። ሁሉንም ጻፍኩ። ብዙ ባወቅሁት ቁጥር ስሙ ራቀኝ።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ጋሽ ያፌት ቆቡን አውልቆ አናቱን አሳየኝ።

"ምን ይታይሻል?"

"ምንም።"

"ምንም! እዚህ ጋ ለአራት ወር የቆየ ጭርት ነበረኝ። የጤና ማሽኑ ሦስት ዓይነት ቅባት ሰጥቶኝ አልለቀቀኝም። ባለፈው ቅርንጫፉን ገፋ ሳደርግ ቅጠሉ ተቀንጥሶ ፈሳሹ አናቴ ላይ ጠብ አለ። ደስ ሲለኝ በማግስቱም ደገምኩት። ይኸው።" ቆቡን መለሰ። "እናቴ ልጅ እያለሁ እንዲህ ያለ ቅጠል ትቀባኝ ነበር። ስሙን ብትገድይኝ አላስታውሰውም።"

"አንተ ግን ዋንዛ ነው ብለህ አልነበር?"

ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። "ዋንዛም ይሁን፤ ጭርት ያድናል።"

ስም ባይሆንም መንገድ ነበር። በማግስቱ ደሴ ወጣሁ። አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት የሳይንስ ክፍል እንዳለ ሰምቼ ነበር። ዕቃ ጠባቂዋ ቁልፉን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ "የመጨረሻው ሰው የመጣው ወንበር ፈልጎ ነው" አለችኝ። ከመደርደሪያው ላይ በ2004 ዓ.ም. ተማሪዎች የለጠፉት የቅጠል ደብተር አወረድን። አርባ ሁለት ቅጠል አለው። አብዛኛው አመድ ሆኗል። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ የልብ ቅርፅ ያለው ቅጠል በፕላስተር ተለጥፏል፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ብርቱካን ቀርታለች። ከሥሩ ጠማማ በሆነ የተማሪ ጽሕፈት፦ "ብሳና። ለጭርት። ሳይተክሉት ይበቅላል።"

ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከኪሴ የአክስቴን ቅጠል አውጥቼ ጎኑ አስቀመጥኩ። የደም ሥሩ፣ የጠርዙ ጥርስ፣ ከቅጠሉ እጀታ ጫፍ ያሉት ሁለት ኪንታሮት የሚያክሉ እብጠቶች፣ አንድም የጎደለ የለም። በዘጠኝ ዓመት ትምህርቴ እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ስመለስ ሁሉም ጥላው ሥር ነበሩ። "ብሳና!" አልኳቸው ከበሩ።

 ሀጂ ኢምራን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መቱ። "'ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉት፣ ለዛፉ ሁሉ ማን አስተማረውና!' ሰማኒያ ዓመት ሙሉ ስተርተው የኖርኩት እሱ ነው? ይኼው ነው?" ተነስተው ግንዱን እንደ ሰው ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉት። "ስምህን ስናጠፋ ኖርን፤ አውፍ በለን።"

አክስቴ ግን እኔን ነበር የምታየው። "እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"አንቺ? እርግጠኛ?" አለችና እጄን ያዘች። "እንግዲያው ጻፊዋ!"

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን መዝገቡን ከፈትኩ። ስም፦ ብሳና። መረጃ፦ የቅጠሉ ምስል፣ የደብተሩ ምስል። ተካይ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እውነቱ "የለም" ነው፤ ሳጥኑ ግን "የለም"ን አይቀበልም። ከመጣሁ ጀምሮ የመታጠቢያ ውሃዬን ሥሩ የማፈስለት እኔ ነኝ፤ ያ ትንሽ መትከል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ስሜን ጻፍኩ። በሕይወቴ ሳላረጋግጥ የሞላሁት የመጀመሪያው ሳጥን እሱ ነው። "ምዝገባው ተሳክቷል" አለ። አክስቴ ለሁሉም ሎሚ በስኳር በጠበጠች፤ እትዬ ሶልያና ዘፈነች፤ አውቶብሱ መጥቶ ሲጠራ ስምንታችንም አንድ ላይ ፎክረንበት ሄደ።

መልእክቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። አክስቴ መነጽሯን ስላላገኘች ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"እንኳን ደስ ያላችሁ! በግቢያችሁ ሰባት አገር በቀል የዛፍ ዝርያዎች በሕጋዊ ምስክር ተረጋግጠዋል። ሰባትና ከዚያ በላይ አገር በቀል ዝርያ ያለበት ቦታ ደን ነው። ደን ውስጥ መኖር የተከለከለ ስለሆነ፣ ነዋሪዎች በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ወደተዘጋጀላቸው መኖሪያ ይዛወራሉ። ለአረንጓዴ ነገ ስላደረጋችሁት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን።"

"ድገሚው" አለችኝ።

ደገምኩት።

አክስቴ ዛፉን አየችው። ግንዱን በጣቷ ቆጠረች። "አንድ" አለች፤ እዚያው ላይ ቆመች። ከዚያ ስትስቅ ዕንባዋ ወረደ። ሳቋ ሲያልቅም ዕንባው አልቆመም።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ስድስቱም መጡ። ወሬው በሰፈሩ ተዳርሶ ነበር። ማንም ዳማውን አልዘረጋም። በመጀመሪያ የተናገረው ጋሽ ያፌት ነው፤ መሬቱን እያየ።

"እትዬ ሄርሜላ… እኔ ነኝ። ደውዬ ዋንዛ ነው፣ የተከልኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው። ነገር ቢመጣ በእኔ ይምጣ ብዬ።"

"አንተ?" አሉ ሀጂ ኢምራን። "እኔስ የደወልኩት ለምን መሰለህ? እኔ ነኝ ብቻዬን ያዳንኳት ብዬ ስንት ሌሊት እፎይ ብዬ ተኝቻለሁ! ሾላ ብዬ ምያለሁ።"

እትዬ ሶልያና ሹራቧን ፊቷ ላይ አደረገች። "ዝግባ" የሚል ድምፅ ከሱፉ ውስጥ መጣ።

ኮሶ፣ ወይራና ሰሳም በየተራቸው እጃቸውን አወጡ። ስድስቱም ደውለዋል፤ አንዱ ለሌላው አልነገረም። ሰፈራችን እንዲህ ነው፤ የዋሉትን ውለታ ማውራት ውለታውን መልሶ መውሰድ ነው። ሁለቱ ብቻ ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ ስም ይሰጡ ነበር። ዝም ስላሉ እያንዳንዱ የራሱን ዛፍ ተከለ።

"ስድስት ነው" አልኩ።  "ስድስት ቢሆን ደን አይባልም ነበር። ሰባተኛው የእኔ ነው።"

 ስድስቱ ውሸቶች ችግር አልነበረባቸውም። ቤቱን ያፈረሰው ትክክለኛው ስም ነው።

ዘነቡን ጠራናት። መጣች፤ ዛፉን ዞረችው፤ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አንድ ነው" አለች።

"እንግዲያው አንድ ነው ብለሽ ጻፊልን!" አለ ጋሽ ያፌት።

"ጋሼ፣ እኔ አንድ አይቻለሁ። መዝገቡ ሰባት አይቷል። ከላይ የሚያየውም መሣሪያ የቅርንጫፉን ስፋት ለክቶ ለሰባት ዛፍ ይበቃል ብሏል። ከእኔና ከእነሱ ማንን የሚያምኑ ይመስልዎታል?" ድምፅዋን ቀነሰች፤ በተማረችው ትዕግሥት ሳይሆን የራሷ በሆነ ድምፅ ቀጠለች። "አንድ መንገድ አለ። ከምስክሮቹ አንዱ ቃሉን ካነሳ በዚህ ግቢ ላይ የተሰጠው ምስክርነት ሁሉ ይሰረዛል። ደንነቱ ይቀራል። ቤቱ ለእማማ ይመለሳል።"

"ዛፉስ?" አለች አክስቴ።

"ያልተመዘገበ ዛፍ ይሆናል። አርባ ቀኑም አልፏል።"

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። "እኔ አነሳለሁ" አሉ ሀጂ ኢምራን። "የለም እኔ!" አለ ጋሽ ያፌት። ቃል ለማንሳት ደግሞ እንደገና ተሽቀዳደሙ። አክስቴ ፊሽካዋን አወጣች፤ ግን አልነፋችውም፤ እጇ ውስጥ ያዘችው።

"ቆይ፣ ልቁጠረው" አለች። "ቃል ከተነሳ ዛፉ ይቆረጣል፤ ጥላ የለኝም፤ ወደ ማቀዝቀዣው እሄዳለሁ። ቃል ካልተነሳ ቤቱ ይወሰዳል፤ ጥላ የለኝም፤ ወደ ማቀዝቀዣው እሄዳለሁ። ያው ነው። እኔ በሁለቱም ተሸንፌያለሁ።" ቀና ብላ ወደ ቅርንጫፎቹ አየች። "እሱ ግን በአንዱ ይተርፋል። ማንም ምንም አያንሳ።"

"ሄርሜላ፣ ቤትሽ ነው እኮ!" አለች እትዬ ሶልያና።

"ቤቴን አውቀዋለሁ። ጨዋታው አልቋል።"

በሃያ አንደኛው ቀን አጥሩ ላይ አረንጓዴ ገመድ ተሳበ። ዘቦቹን አራቱንም ነቅለው ወሰዷቸው፤ አገር በቀል አይደሉምና። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለ ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ደርብ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጠን፤ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሌላ መስኮት ያያል። ግቢ የለውም። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አውቶብሱ ከታች "ወይዘሮ ሄርሜላ" ይላል። የመጀመሪያው ቀን ፊሽካውን ስጠብቅ አልሰማሁትም። በመስኮት ሳይ ስትሳፈር አየሁ፤ ጋሽ ያፌት ከውስጥ ሆኖ እጇን ይዞ ሲደግፋት።

ትኬቴን ሰረዝኩ። ሻንጣዬን ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልፈታሁትም።

ደኑ ለጎብኚ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ጠዋት ክፍት ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈቀዳል፤ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ለስምንት ሰው ቀጠሮ ያዝኩ። አክስቴ የጉዞ ጫማዋን አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። በራሷ በር ስንገባ ከአንድ ቦታ የሚያምር የሴት ድምፅ "ወደ ኮምቦልቻ ጥንታዊ ደን እንኳን በደህና መጣችሁ" አለን።

"ጥንታዊ?" አሉ ሀጂ ኢምራን በሹክሹክታ። "ጫማዬ ይበልጠዋል።"

"እባክዎ በደኑ ውስጥ ጸጥታ ይጠብቁ" አለ ድምፁ።

ጸጥ አልን። ብሳናው አበባ አውጥቶ ነበር፤ እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ ነጭ አበቦች፤ ንቦች ጣሪያው ድረስ ሞልተውታል። ንብ ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው። "ከፊት ለፊትዎ የሚያዩት ዋንዛ ነው" አለ ድምፁ፤ ጋሽ ያፌት ጎኔን በክርኑ ነካ አደረገኝና "የኔ!" አለኝ ከንፈሩን ሳይከፍት። "ከእሱ ቀጥሎ ሾላ።" ሀጂ ኢምራን ደረታቸውን ነፉ። "ወደ ግራ ሲዞሩ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ዝግባ።" በግራ በኩል የውሃ ጋኑና የአክስቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር። አክስቴ በትሕትና ወደ ግራ ዞራ አየች። ሌሎቹም ተከትለዋት ዞሩ። ስምንት ሰው ሆነን የልብስ ገመዱን ስናየው ቆየን።

ኮሶውን፣ ወይራውንና ሰሳውንም አየን። በመጨረሻ ድምፁ "ብሳና" አለ፤ "በዚህ ደን ውስጥ እምብዛም የማይታይ"። አክስቴ ወደ ግንዱ ጠጋ ብላ እጇን ልታሳርፍ ስትል "እባክዎ ዛፎቹን አይንኩ" ተባለች። እጇን መለሰች። ከጥላው ሥር ግን አልወጣችም፤ ሃያው ደቂቃ እስኪሞላ ቆመች። የሚቀመጡበት አልነበረም። ወንበር ይዞ መግባት አይቻልም።

ስንወጣ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። እስከ አምስት ሰዓት፣ እስከ አውቶብሱ፣ ጊዜ ነበር፤ ማንም ግን የሚሄድበት አላገኘም። አጥሩ ጥግ ላይ ቆምን። እትዬ ሶልያና ለአክስቴ "በቀትር ብቻ ቢፈቅዱልሽ ምን ነበረበት" አለቻት። አክስቴ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ማን ጠየቃቸው?" አለች።

እውነቷን ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ስልኬን አወጣሁና እዚያው አጥሩን ተደግፌ፣ ለጎብኚዎች አስተያየት በተሰጠው ቁጥር ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ስለ ዝርያ፣ ስለ ምስክር፣ ስለ ስሕተት የጻፍኩትን ሁሉ አወጣሁት። የቀረው ይህ ነው፦

"አክስቴ ወይዘሮ ሄርሜላ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ደኑ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ማንም የለበትም። በዚያ ሰዓት አንድ ወንበር ይዛ ብትገባ ይፈቀዳል? ወንበሩን ጠዋት አስገብቼ ማታ አወጣለሁ። ምንም አንነካም።"

ላክሁት። "መልእክትዎ ደርሷል" አለ።

ያ ቅዳሜ ነሐሴ ላይ ነበር። ይህን የምጽፈው በየካቲት ነው፤ ስልኬ ላይ ያለው መልስ አሁንም "መልእክትዎ ደርሷል" የሚል ብቻ ነው።